ትንሿ የብሉቱዝ ስካነር እና ተራ ቴስተር፦ የትኛው ይበልጥ ይጠቅማል?

ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ መካኒክ አይደለሁም። ግን አንድ ሰው ኮፋኖ ከፍቶ፣ ሞተሩን ትንሽ አዳምጦ፣ «ሴንሰር ነው፤ ይቀየር» ሲለኝ አይዋጥልኝም። በምን አወቀ? ቁጥሩ የታለ? ዛሬ የምጽፈው ይህን ጥያቄ ቤቴ ደጃፍ ላይ ለመመለስ ስለገዛኋቸው ሁለት ዕቃዎች ነው። አንዱ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ የኦቢዲ ስካነር ናት፤ የመኪናውን ኮምፒውተር የምታነብ ማለት ነው። ሌላው ቮልት፣ አምፒርና ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) የሚለካ ተራ ዲጂታል ቴስተር ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ስካነሯ ጥሩ ናት፤ ግን ብዙ ሰው በሚገዛበት ምክንያት አይደለም። ሰው የሚገዛት የብልሽት ኮድ ለማንበብ ነው። ኮዱ ከምትሰጠው ነገር ሁሉ ትንሹ ነው። ስለ ቴስተሩ ደግሞ ማንም አያወራም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ግን ያለማንገራገር ቴስተሩን ነው የማነሳው።

ከስካነሯ ልጀምር። የምትሰካው ባለ 16 ፒን ሶኬት ውስጥ ነው። ሶኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ስለሚገኝ ጎንበስ ብሎ መፈለግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለሚሸጡ መኪኖች ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ ሆኗል፤ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ። ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ካላችሁ ሶኬቱ መኖሩን ሳታዩ አትግዙ። ሶኬቱ ኖሮ እንኳ ቋንቋው ሌላ ሊሆን ይችላል።

ከመግዛታችሁ በፊት የሚያደናግራችሁ ነገር «ቨርዥን» የሚባለው ነው። የእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ አባት ኢኤልኤም327 የሚባል ቺፕ ነው። የሠራው የካናዳ ኩባንያ የመጀመሪያውን ቺፕ ኮፒ እንዳይደረግ አልቆለፈውም ነበርና ዓለም ሁሉ አባዛው። ዛሬ በርካሽ የሚሸጠው በአብዛኛው ኮፒ ነው። ማሸጊያው ላይ «ቨርዥን 1.5» ወይም «2.1» ተብሎ ይጻፋል። የሚገርመው፣ ዋናው ኩባንያ 1.5 የሚባል ቨርዥን አውጥቶ አያውቅም። ስለዚህ ቁጥሩ ጌጥ ነው፤ እሱን አይታችሁ አትምረጡ።

መታየት ያለበት ከእናንተ መኪና ጋር መነጋገር መቻሏ ነው። መጀመሪያ የገዛኋት (የሠሪዋን ስም እተወዋለሁ) አዲስ መኪና ላይ ደህና ትሠራለች። ትንሽ አሮጌ መኪና ላይ ስትሰካ ግን «ግንኙነት የለም» ብላ ትቀራለች። ምክንያቱ ቀላል ነው። አዳዲሶቹ መኪኖች የሚነጋገሩት ካን በሚባል ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ቋንቋ) ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ ግዴታ የሆነው እሱ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሌሎች ፕሮቶኮሎች ይጠቀሙ ነበር። አንዳንድ ርካሽ ኮፒዎች እነዚያን ትተዋቸዋል። አሁን ያለችኝ ሁሉንም ትችላለች። ስትገዙ «አምስቱንም ፕሮቶኮሎች ትደግፋለች ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የማይሠራ ከሆነ መመለስ እንደምትችሉም አረጋግጡ። አይፎን የምትይዙ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የድሮው ዓይነት ብሉቱዝ ያላት ለእናንተ አትሆንም። ዋይፋይ ያላት ወይም አነስተኛ ኃይል የሚወስደው አዲሱ ብሉቱዝ ያላት ትሁን።

ስካነሯ ያነበበችውን ስልክ ላይ የሚያሳየውን አፕ በተመለከተ፣ ቶርክ የሚባለው የአንድሮይድ ብቻ ነው። ካር ስካነር የሚባለው በሁለቱም ስልኮች ይሠራል፤ እኔም የምጠቀመው እሱን ነው። መልኩ አያምርም። ግራፉ ግን ጥሩ ነው፤ የምፈልገውም ግራፉን ነው።

አሁን ወደ ኮዱ። የቼክ ኢንጅን መብራት በርቶ ስካነሯን ስትሰኩ ለምሳሌ ፒ0171 የሚል ይመጣል። ፒ ማለት ሞተርና ማርሽ ነው። ቢ ቦዲ፣ ሲ ፍሬንና መሪን የመሰለው የታችኛው ክፍል፣ ዩ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መስመር ነው። ከፊደሉ ቀጥሎ 0 ካለ ኮዱ በሁሉም መኪና ላይ አንድ ትርጉም አለው። 1 ከሆነ የአምራቹ የራሱ ነው፤ አፑ የሚነግራችሁን ትርጉም በጥርጣሬ እዩት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሰፈሩን ይጠቁማል፦ 1 እና 2 አየርና ነዳጅ፣ 3 የእሳት ነገር፣ 4 የጭስ ማጣሪያ፣ 7 ማርሽ።

ፒ0171 «ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሷል» ነው የሚለው። የመኪናው ኮምፒውተር ይህን ያወቀው ጭሱን ከሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር ስለሆነ ብዙ ሰው ሴንሰሩን ያስቀይራል። ሴንሰሩ ግን የታዘዘውን ሠርቶ ሪፖርት ያቀረበው ነው! በእኔ ሙያ ቋንቋ ልናገረውና፣ ኮዱ ሒሳቡ አልገጠመም ይላል፤ ገንዘቡን ማን ወሰደው ግን አይልም።

ማን እንደወሰደው ለማወቅ ስካነሯ ውስጥ «ላይቭ ዳታ» የሚባለውን መክፈት ነው። መኪናዬ ላይ የመጣው ይኸው ኮድ ነበር። በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ) ስትቆም ትንቀጠቀጣለች፤ ስትሄድ ግን ምንም አይታወቅባትም። እኔ የከፈትኩት ፊውል ትሪም የሚባሉትን ሁለት ቁጥሮች ነው። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ ካሰበው ነዳጅ ላይ ስንት በመቶ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ ይናገራሉ። አንዱ የአሁኑን ቅጽበት፣ ሌላው ቀስ እያለ የተማረውን ያሳያል። ከዜሮ ግራና ቀኝ እስከ 10 በመቶ ገደማ ቢዋዥቁ ብዙም አያሳስብም።

የእኔዋ በሚኒሞ ላይ ፕላስ 22 ትላለች። ነዳጅ ሰጥቼ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ ስይዛት ወደ ፕላስ 4 ወረደች። መልሱ ያለው እዚህ ልዩነት ውስጥ ነው። በሚኒሞ ጊዜ የአየር በሩ ዝግ ነው ማለት ይቻላል። ሞተሩ በኃይል ይስባል፤ የሚገባው አየር ግን ትንሽ ነው። የሆነ ቦታ የተቀደደ የጎማ ቱቦ ካለ በዚያ ሾልኮ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ያንን አየር ደግሞ የሚለካው ሴንሰር አላየውም። በሩ ሲከፈትና ብዙ አየር ሲገባ ያቺ ቀዳዳ ከቁጥር አትገባም። ስለዚህ በሚኒሞ ከፍ ብሎ በከፍተኛ ዙር የሚወርድ ቁጥር የአየር ስርቆት ነው። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለትም በሚኒሞ ደህና ሆኖ ሲጋለብ የሚጨምር ቢሆን፣ ወደ ነዳጅ ፓምፕ፣ ወደ ነዳጅ ፊልትሮ ወይም ወደ ቆሸሸ የአየር መለኪያ ሴንሰር እሄድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጆሮና የእጅ ነው። ሞተሩ እየሠራ፣ ከሚዞረው ቺንጊያና ከፋኑ እጅና ልብስን አርቄ፣ የጎማ ቱቦዎቹን እየተከተልኩ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ፈለግሁ። ከኢንቴክ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ክፍል) ጀርባ ያለችው፣ የሞተሩን ትንፋሽ መልሳ የምታስገባው አጭር ጎማ ከታች በኩል ተሰንጥቃ ነበር። ከላይ ስትታይ ደህና ናት። ጎማዋ ተቀየረች፤ ቁጥሩ ፕላስ 3 አካባቢ ሆነ፤ መንቀጥቀጡም ቆመ። ኦክስጅን ሴንሰሩን ማንም አልነካውም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ስሌት በደንብ የሚሠራው የሚገባውን አየር በቀጥታ የሚለካ ሴንሰር ባላቸው መኪኖች ላይ ነው። በማኒፎልድ ግፊት ብቻ የሚያሰሉ መኪኖች አሉ። እነሱ ላይ የአየር ስርቆት ብዙ ጊዜ የሚታየው በፊውል ትሪም ሳይሆን ከፍ ባለ ሚኒሞ ነው።

ሌሎቹን ኮዶች በአጭሩ ልለፋቸው። ፒ0302 ማለት ሁለተኛው ሲሊንደር እሳት ስቷል፣ ማለትም ነዳጁ በደንብ አልተቃጠለም ማለት ነው። በየካንዴላው ላይ የራሱ ኮይል (እሳቱን የሚያመነጨው ዕቃ) ያለው ሞተር ከሆነ ሞተሩን አጥፉና የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር አቀያይሩ። ኮዱ ወደ ፒ0303 ከዞረ ኮይሉ ነው። ካልዞረ ካንዴላውን እንዲሁ አቀያይሩ። እሱም ካልሆነ ወደ ኢንጄክተርና ወደ ኮምፕሬሽን ይኬዳል። ግን መብራቱ ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ መንዳት ይብቃ፤ ያልተቃጠለው ነዳጅ የጭስ ማጣሪያውን ሊያቀልጠው ይችላል። ፒ0128 (ሞተሩ በበቂ አልሞቀም የሚለው) ሲመጣ የሙቀት ግራፉን ከፍታችሁ ትንሽ ንዱ። ሙቀቱ 90 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ መርጋት ሲገባው በረጅም መንገድ ላይ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል ማለት ነው፤ በቅድሚያ ግን የራዲያተሩ ውኃ አለመጉደሉን እዩ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት።

ስካነሯ ላይ የምጠላው አንድ ነገር አለ፤ «ኮድ አጥፋ» የሚለው ቁልፍ። አፖቹ ሁሉ ፊት ለፊት ያስቀምጡታል፤ እጅም ይበላል። ሲጫን ኮዱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ችግሩ ሲፈጠር ሙቀቱ፣ ዙሩ፣ ፍጥነቱ ስንት እንደነበር የተመዘገበው ቅጽበትም አብሮ ይጠፋል። መኪናው ራሱን መርምሮ የጨረሳቸው ፈተናዎችም ከዜሮ ይጀምራሉ። ጋራዥ ልትሄዱ ስትሉ ይህን ማድረግ ለመካኒኩ ማስረጃውን አጥፍቶ «ፈልግ» ማለት ነው። ከመንካታችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱት።

ደግሞ ስካነሯ ሁሉን አታይም። እንዲህ ያለች ርካሽ ስካነር ከመሠረታዊ አፕ ጋር ብዙ ጊዜ የምታነበው ሞተርን ነው። የኤርባግና የኤቢኤስ መብራት ሲበራ ላትረዳችሁ ትችላለች።

ዋናው ዝምታዋ ግን ጠዋት ላይ ነው። ቁልፍ ታዞራላችሁ፣ መኪናው አይነሳም። ስካነሯ ምን ትላለች? ብዙ ጊዜ ምንም። ኮድ የለም። ቴስተሩ የሚወጣው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ ጆሮ። «ጠቅጠቅጠቅጠቅ» ካለ ባትሪው ደክሟል ወይም የባትሪው መያዣ ላልቷል። አንዴ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ የዳሽቦርዱ መብራትም ካልደከመ፣ ጥርጣሬው ወደ ሞተሪኖውና ወደ ካቦዎቹ ይሄዳል። ምንም ድምፅ ከሌለ ማርሹ በትክክል ፓርክ ወይም ዜሮ ላይ መሆኑን፣ ከዚያ ፊውዝና ሪሌ ማየት ነው።

ቀጥሎ ቁጥር። መኪናው ለሰዓታት ቆሞ ባትሪው ላይ 12.6 ቮልት ካለ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ባዶ ነው በሉት። አሁን ከመንገድ የገባ መኪና ላይ ከለካችሁ ቁጥሩ ያሳስታችኋል፤ መብራቱን ትንሽ አብርታችሁ አጥፉና ለኩ። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር ተመልከቱ። ሞተሪኖው እያዞረ እያለ ከ9.6 በታች ከወረደ፣ በተለይ ሙሉ ቻርጅ ተደርጎ ሳለ፣ ባትሪው አልቋል። በጣም በሚበርድበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ቢል አይፈረድበትም። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ 14 አካባቢ ካለ ዲናሞው ይሞላል። 12 ላይ ቀርቶ እየወረደ ከሄደ አይሞላም። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ኮምፒውተሩ ራሱ ቻርጁን ከፍ ዝቅ ስለሚያደርግ አንዴ ባያችሁት ቁጥር ብቻ ዲናሞ አታስቀይሩ።

ቴስተሩን የወደድኩት ግን በሌላ ሥራ ነው። የእህቴ ባል መኪና ጠዋት ጠዋት እያቃሰተች ነበር የምትነሳው። ባትሪው አዲስ ነው።

«አዲስ ነው እኮ! ደግሞ ሞተሪኖው ነው ሊሉኝ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሞተሪኖውን ተዉትና ቁልፉን አንዴ ያዙሩልኝ» አልኳቸው።

የቴስተሩን አንድ ጫፍ የባትሪው ነጌቲቭ ላይ አደረግሁ። መያዣው ላይ ሳይሆን እርሳሱ ላይ። ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ቀለም የሌለበት ብረት ላይ። ሁለቱን የሚያገናኘው ወፍራም ካቦ ጤነኛ ከሆነ ሞተሪኖው ሲዞር የሚታየው ቁጥር ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ 0.2 ቢሆን ጥሩ፣ ግማሽ ቮልት ካለፈ ችግር ነው። የታየው 1.8 ነው! ከባትሪው የሚወጣው ጉልበት ሞተሪኖው ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። ካቦው ከሞተሩ ጋር የታሰረበትን ብሎን ስንፈታው ሥሩ ዝጓል። በሽቦ ብሩሽ ተፋቀ፣ ተመልሶ ጠበቀ፣ ቁጥሩም ወደ 0.1 ወረደ። «ባትሪውን በከንቱ ነው የገዛሁት ማለት ነው?» አሉ። ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ነገር አለ። ያንኑ ካቦ በኦም ብትለኩት ጤነኛ ነው ይላችኋል። ቴስተሩ ኦም ሲለካ የሚልከው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከካቦው ውስጥ አንዲት ክር ብቻ ብትቀርም ታልፋለች። ሞተሪኖ ግን ከመቶ አምፒር በላይ ይጠይቃል። ስለዚህ ካቦ የሚፈተነው ሥራ ላይ እያለ፣ በቮልት ነው። በፖዘቲቩ በኩልም ከባትሪው እስከ ሞተሪኖው ድረስ እንዲሁ ይለካል።

ሌላው መኪና ለጥቂት ቀን ቆሞ ባትሪ የሚጨርስበት ችግር ነው። የሆነ ነገር ማታ ማታ ይጠጣል። የባትሪው ነጌቲቭ ካቦ ይፈታና ቴስተሩ በ10 አምፒር ቀዳዳው በኩል በባትሪውና በካቦው መሃል ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ጤነኛ ነው። በለጠ እንበል። ብዙ ሰው ፊውዝ እየነቀለ ይፈልጋል። እኔ አልነቅልም፤ በር መክፈቱና ፊውዝ መንቀሉ የተኛውን ኮምፒውተር ይቀሰቅሳል። ቴስተሩን ሚሊቮልት ላይ አድርጌ በፊውዙ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ብረቶች እነካለሁ። ዜሮ ካለ በዚያ ፊውዝ ምንም አያልፍም። ጥቂት ሚሊቮልት ካሳየ እዚያ መስመር ላይ የሚጠጣ አለ። የእኔው ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመ ሬዲዮ ሆኖ ተገኘ።

በነገራችን ላይ ስካነሯም ትጠጣለች። የሶኬቱ 16ኛ ፒን በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ ቁልፉ ቢነቀልም እሷ አትጠፋም። ብዙ አይደለም፤ መኪናው ለሳምንታት ከቆመ ግን ይበቃል። ሥራ ሲያልቅ ንቀሏት።

ቴስተሩ አምፒር ላይ እያለ ሞተር ለማስነሳት ወይም ትልቁን መብራት ለማብራት አትሞክሩ፤ የውስጥ ፊውዙ ወዲያው ይሄዳል። የአምፒር ሥራ ሲያልቅ ገመዱን ወደ ቮልቱ ቀዳዳ መልሱት። አምፒር ላይ ቀርቶ ባትሪ ከተለካበት ሾርት ማድረግ ነው። የኤርባግ ሽቦ በኦም አይለካም፤ ሊፈነዳ ይችላል። ሃይብሪድ መኪና ውስጥ ያሉትን ብርቱካናማ ካቦዎች ጭራሽ አትንኩ።

ቴስተሩ እንከን የለውም አልልም። አብረውት የመጡት ገመዶች አጭር ናቸው፤ ጫፋቸውም ቶሎ ያዳልጣል። በአዞ አፍ መያዣ ያለው ሌላ ገመድ ያስፈልጋል፤ ሁለት እጅ ተይዞ ቁልፍ አይዞርም። ስክሪኑ መብራት ያለው ይሁን፤ ዳሽቦርድ ሥር ጨለማ ነው።

አሁን ብገዛ ደግሞ ሽቦውን ከላይ አቅፎ አምፒር የሚለካውን ዓይነት እመርጣለሁ። ካቦ መፍታት ይቀርላችኋል። ብቻ ከመክፈላችሁ በፊት ዲሲ (የባትሪ ዓይነት ኤሌክትሪክ) አምፒር ይለካ እንደሆነ ገልጣችሁ እዩ። ብዙዎቹ የሚያቅፉት የቤት ኤሌክትሪክን ብቻ ነው፤ መኪና ላይ ዜሮ ነው የሚሉት።